ረሃብንና ጥጋብን ማዳመጥ

እ.ኤ.አ. በ1944 መገባደጃ ላይ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሥር ወደሚገኝ ቤተ ሙከራ ገቡ። ሁሉም ሕሊናችን ጠመንጃ ማንሳት አይፈቅድልንም ብለው ከውጊያ የቀሩ ነበሩ። አንሴል ኪስ የተባለው ሳይንቲስት የመራው ይህ ሙከራ፣ በጦርነት የተራበው የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት ተመግቦ እንደሚያገግም ለማወቅ የታሰበ ነው። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ የሚራብ ሰው ያስፈልግ ነበርና ወጣቶቹ በፈቃዳቸው ተራቡ። ለ24 ሳምንታት በቀን በአማካይ 1,570 ካሎሪ ገደማ፣ ማለትም ቀድሞ ይበሉት ከነበረው ግማሽ ያህሉን ብቻ እየበሉ፣ በየሳምንቱ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ይራመዱ ነበር። ምግባቸው በአብዛኛው ድንች፣ ዳቦና መኮሮኒ ነው።

ክብደታቸው በሩብ ገደማ ቀነሰ። ከክብደታቸው ይልቅ የተለወጠው ግን ጠባያቸው ነበር። ቀድሞ ለማድ ቤት ደንታ ያልነበራቸው ሰዎች የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመሩ። ሳህን ይልሳሉ፤ ቁራሽ ዳቦ ቶሎ እንዳያልቅባቸው እየቆነጠሩ ሰዓት ይፈጁበታል፤ ቡናና ማስቲካ ያለ ልክ ያበዛሉ። ነጭናጫ ሆኑ፣ ብርድ አልቻሉም፣ ጓደኝነትም ፍቅርም አላምራቸው አለ። በሙከራው መጨረሻ እንደልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ደግሞ፣ አንዳንዶቹ በቀን ከ5,000 ካሎሪ በላይ በልተው፣ ሆዳቸው ተወጥሮም ረሃቡ አልለቀቃቸውም።

ዛሬ በስልክ መተግበሪያና በጂም የሚታደሉ ብዙ የዳይት ፕሮግራሞች በቀን ከ1,200 እስከ 1,500 ካሎሪ ብቻ ይፈቅዳሉ። ዳይት የያዘው ሰው ቀን ቀን በሥራ ቦታው ስለ ምግብ ሲያስብ ይውላል፤ ማታ ድስት ከፍቶ ቆሞ ይበላል፤ ከዚያም ራሱን ሆዳምና ወኔ ቢስ እያለ ይሰድባል። የሚኒሶታዎቹ ወጣቶች ወኔ አላነሳቸውም። ሰውነታቸው ምግብ ሲያጣ ማንኛውም ሰውነት የሚያደርገውን አደረገ፤ አእምሮን ሁሉ ወደ ምግብ አዞረ።

የሐሳቡ ምንጭ

ከዚህ እውነት ተነስቶ ሌላ መንገድ የሚያሳይ የአመጋገብ ዘዴ አለ። ኤቨሊን ትሪቦሌና ኢሊስ ሬሽ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ምግብ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1995 «ኢንቱይቲቭ ኢቲንግ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ አቀረቡት፤ አራተኛው እትም በ2020 ወጥቷል። በእኛ አነጋገር የሰውነትን ምልክት እየሰሙ መብላት ማለት ነው። ዐሥር መርሆች አሉት። ተጠቃለው ሲታዩ የሚሉት ይህን ነው፦ መቼና ምን ያህል እንደሚበላ ከውጭ የመጣ ሠንጠረዥ ከመወሰኑ በፊት፣ የሰውየው ረሃብ፣ ጥጋብና እርካታ ይጠየቁ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ያማረህን ሁሉ ብላ» የተባለ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ያማረን ሁሉ መብላት ምላስን ብቻ መስማት ነው። እዚህ ላይ የሚጠየቁት ሦስት ናቸው፤ ምላስ ምን አማረው፣ ሆድ ምን ያህል ይበቃዋል፣ ከተበላ ከሁለት ሰዓት በኋላስ ሰውነት ምን ይሰማዋል? ጮማ ቁርጥ በጣም የሚወድ ሰው ምሳውን በቁርጥ ጠግቦ ከሰዓት በኋላ ሥራው ላይ ሲያንቀላፋ ከዋለ፣ ያም መልእክት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ ቀነስ አድርጎ ይበላል፤ የሚቀንሰውም ማንም ስለከለከለው ሳይሆን ከሰዓቱን ነቅቶ መዋል ስለፈለገ ነው።

የዚህ ዘዴ ዓላማ ክብደት መቀነስ አለመሆኑም ቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። ሰው ሲለማመደው ክብደቱ ሊቀንስ፣ ሊጨምር ወይም ባለበት ሊቆይ ይችላል። ተመራማሪዋ ትሬሲ ታይልካ እ.ኤ.አ. በ2006 የዚህን አመጋገብ መለኪያ ካወጣች ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት፣ በዚህ መንገድ የሚመገቡ ሰዎች ያለ ልክ የመብላት ችግር እንደሚያንሳቸውና ሰውነታቸውን ይበልጥ እንደሚወዱት ነው። አብዛኞቹ ጥናቶች ግን ሁለቱ ነገሮች አብረው መገኘታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያረጋግጡም። ዘዴውን ኪሎ ማውረጃ አድርጎ የሚሸጥ ሰው ሲያጋጥም መጠራጠር ይገባል።

ሰውነት በምን ይናገራል?

ሆድ ባዶ ሲሆን ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ከጨጓራ ይመነጫል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያገኙት ይህ ሆርሞን በደም ተጉዞ አንጎል ሲደርስ ረሃብን ይቀሰቅሳል። ሰው በለመደው የምግብ ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል፤ ሁልጊዜ በሰባት ሰዓት ምሳ የሚበላ ሰው ሰባት ሰዓት ሲቃረብ ሆዱ ሞረሞር የሚያደርገው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ሌፕቲን አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 በኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ያገኙት ሲሆን የሚመነጨው ከሰውነት ስብ ነው። ሥራው ስንቅ በቂ መሆኑን ለአንጎል መናገር ነው። ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲንም ስለሚቀንስ፣ አንጎል ስንቅ እያለቀ ነው ብሎ ረሃብን ያጠናክራል። በዚህ ላይ ጨጓራ ሲወጠር በነርቭ፣ ምግብ አንጀት ሲደርስ ደግሞ በሌሎች ሆርሞኖች የጥጋብ መልእክት ይላካል። ይህ መልእክት እስኪሰማ ጊዜ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ እስከ 20 ደቂቃ ይባላል። በአምስት ደቂቃ ምሳውን ጨርሶ የሚነሳ ሰው መጥገቡን የሚያውቀው በመንገድ ላይ ነው።

እነዚህ ምልክቶች ዳይትን በቀላሉ አይረሱም። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በሆነ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ 50 ሰዎች ለ10 ሳምንታት በጣም አነስተኛ ካሎሪ ብቻ እንዲወስዱ ተደረገ። ክብደታቸው ቀነሰ። ከዓመት በኋላ ሲመረመሩ የረሃብና የጥጋብ ሆርሞኖቻቸው አሁንም ወደ ቀድሞው ቦታ አልተመለሱም ነበር፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ይርባቸው ነበር። ዳይት ያቆመ ሰው የቀነሰውን ኪሎ መልሶ የሚያገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ክልከላ ሲገለበጥ

ከሆርሞኑ ሌላ የአእምሮ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ የተሠራ አንድ ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ለተማሪ ሴቶች መጀመሪያ ወተትና አይስክሬም የተደባለቀበት መጠጥ ተሰጣቸው፤ ለአንዳንዶቹ አንድ ብርጭቆ፣ ለአንዳንዶቹ ሁለት፣ ለሌሎቹ ምንም። ቀጥሎ የፈለጉትን ያህል አይስክሬም «እንዲቀምሱ» ተጋበዙ። በምግባቸው ላይ ገደብ የማያደርጉት ሴቶች መጠጡን ከጠጡ በኋላ የበሉት አይስክሬም አነሰ። ሁልጊዜ ራሳቸውን የሚከለክሉት ግን ከጠጡ በኋላ የበለጠ በሉ። ደንቡ አንዴ ከፈረሰ «እንግዲህ ዛሬ ተበላሽቷል፣ ነገ እጀምራለሁ» የሚለው ሐሳብ ጥጋብን ይሸፍነዋል።

አንድን ምግብ «ክፉ» ብሎ መፈረጅ ምግቡን የሚያስረሳ ይመስላል፤ ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። ራሱን ዳቦ የከለከለ ሰው በየዳቦ ቤቱ በር ሽታው ያስቆመዋል። ዳቦ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንደሚበላ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ዛሬ በግማሹ ቢያቆም ምንም አይቀርበትም። ትሪቦሌና ሬሽ «ከምግብ ጋር መታረቅ» የሚሉት ይህንን ነው። የተከለከለው ምግብ ሲፈቀድ መጀመሪያ ላይ ሊበዛ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ለሳምንታት ኬክ ወይም ጥብስ ሲደጋግም ይቆያል። ምግቡ ብርቅ መሆኑ ሲቀር አምሮቱም ልኩን ይይዛል።

ረሃብን መለየት

ልምምዱ የሚጀምረው ረሃብን በጊዜ ከመስማት ነው። ብዙ ባለሙያዎች ከ0 እስከ 10 የሚሄድ መለኪያ ይጠቀማሉ። 0 ማለት ከረሃብ ብዛት ራስ ሲዞር፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ነው፤ 10 ደግሞ ከጥጋብ ብዛት መተንፈስ ሲያቅት። ምግብ 3 ወይም 4 አካባቢ ሲጀመር፣ 6 ወይም 7 ሲደርስ ሲቆም ይመረጣል። ረሃብ ሳይሰሙት ሲቀር ድምፁን ከፍ እያደረገ እንደሚያለቅስ ሕፃን ነው፤ 0 ላይ ሲደርስ ምርጫ የለም፣ የተገኘው ይጎረሳል። ቁርስ ሳይቀምስ ወጥቶ፣ ምሳን በቡና አሳልፎ ማታ ቤቱ የሚደርስ ሰው እራቱን በልክ ልብላ ቢል አይሆንለትም። የእሱ ችግር የማታው ሆዳምነት ሳይሆን የቀኑ ባዶነት ነው።

ሁሉም የመብላት ፍላጎት ግን ከሆድ አይመጣም። አንዳንዱ የምላስ ነው፤ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻውን የምንዘግነው ርቦን አይደለም። ይህ ነውር የለበትም፤ ምግብ ደስታም ነውና። አንዳንዱ የጥንቃቄ ነው፤ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ወይም እስከ ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ሳይርባቸውም ቀምሰው መውጣታቸው ብልህነት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሆድ ሲብስ የሚመጣ ነው። የተጣላ፣ የተሰላቸ፣ ብቸኝነት የያዘው ሰው ወደ ምግብ ይሄዳል፤ ለጥቂት ደቂቃም ይረጋጋል።

በብሶት መብላት ወንጀል አይደለም፤ ግን ብሶቱን አያነሳውም። እጅ ወደ ድስት ሲሄድ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ አሁን ሽሮ በእንጀራ ቢቀርብልኝ እበላለሁ ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ረሃብ ነው፤ ይበላ። የሚፈለገው ቸኮሌት ብቻ ከሆነ ምናልባት ድካም ወይም ጭንቀት ይሆናል፤ ለእህት ስልክ መደወል፣ ትንሽ ወጣ ብሎ መሄድ፣ ወይም መተኛት የበለጠ ይረዳል። አንዳንዴ ደግሞ ሰው ይህን ሁሉ አውቆም ቸኮሌቱን ይበላል። ቢበላም ችግር የለም፤ ተቀምጦ፣ እያጣጣመ፣ ራሱን ሳይሰድብ ይብላ።

በጋራ ማዕድ ላይ

የዚህ ዘዴ መጻሕፍት የተጻፉት እያንዳንዱ ሰው በየሳህኑ ለሚበላበት አገር ነው። የእኛ ትሪ አንድ ነው። እንጀራው ሳያልቅ ይጨመራል፣ ወጡ ሳያንስ ይፈስሳል፣ የበላነው ስንት እንደሆነ ዓይናችን መለካት አይችልም። በዚያ ላይ አጠገባችን «ብሉልኝ እንጂ» የሚል ሰው አለ። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ተብሎ የተዘረጋ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል?

መፍትሔው ማዕዱን መሸሽ አይደለም። አብሮ መብላት ራሱ ጤና ነው፤ ቀስ ብሎ፣ እየተጫወቱ መብላት የጥጋብ ምልክት እስኪደርስ ጊዜ ይሰጣል። በማዕድ ላይ ቀድሞ እጅ መሰብሰብ ሌላውን ስለሚያሳፍር፣ የሚያዋጣው ከመጀመሪያው አካሄድን ማዘግየት ነው። ጉርሻን አሳንሶ መጠቅለል፣ በመካከሉ ማውራት፣ ለሌላ ሰው ማጉረስ፣ ሲጠግቡ ደግሞ ቁራሽ እንጀራ ይዞ አብሮ መቆየት። ጉርሻ እንደሚመጣ እየታወቀም ቦታ መተው ይቻላል። ከፍቅር የመጣ ሁለት ጉርሻ፣ ማንም ሳይጠይቀን ከምንጨምረው ሦስተኛ እንጀራ ይሻላል።

«ጠገብኩ» ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው «ምነው፣ አልጣፈጠም እንዴ?» ነው። ጥያቄው ውስጡ ሲታይ ስለ ሆዳችን አይደለም። ጋባዧ ልፋቷ መወደዱን ማወቅ ነው የፈለገችው። ስለዚህ ስለ ጥጋብ ከመከራከር ይልቅ ለዚያ ጥያቄ መልስ መስጠት ያዋጣል፦ «እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ዶሮ በልቼ አላውቅም፤ ጠግቤ ነው።» ለእናቶችም «እማማ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ቢቋጥሩልኝ ነገ እበላዋለሁ» ቢባል ቅር አይላቸውም። ጋባዥም በበኩሉ አንዴ፣ ሁለቴ ከጋበዘ በኋላ እንግዳውን ቢያምነው ክብሩ አይቀንስም።

ከማዕዱ ባሻገር ሌላ የተለመደ ነገር አለ፤ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ «ወፈርሽ»፣ «ምነው ከሳህ» መባባል። ተናጋሪው በክፋት አይለውም፤ ለትልልቆቻችን መወፈር የድሎት፣ መክሳት የሕመም ምልክት ነበር። ዛሬ ግን ያን ቃል የሰማች ወጣት ምሳዋን ልትተው ትችላለች። ሰላምታ ያለ ኪሎም ይሞላል።

ጾምና ዳይት

በአገራችን ብዙ ሰው በዓመት ውስጥ ለረጅም ጊዜ በጾም ያሳልፋል። የኦርቶዶክስ ምእመናን ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ይጾማሉ፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያትና ሌሎችም አሉ። ሙስሊሞች በረመዳን ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ እህል ውኃ አይቀምሱም። ታዲያ ረሃብን ስማ የሚለው ዘዴ ከጾም ጋር አይጋጭም ወይ?

የጾመ ሰው ረሃቡን በደንብ ይሰማዋል፤ ለአምላኩ ብሎ ይታገሠዋል እንጂ። ጾም መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ ከሕዝብ ጋር ነው፣ ዓላማው ከኪሎ በላይ ነው። ዳይት ብቻን የሚደረግ ነው፤ የሚያልቅበት ቀን የለውም፤ ዓላማውም ሰውነትን ማሳነስ ነው። አደጋ ያለው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። «ጾሙ ሲገባ እከሳለሁ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጾሙን ዳይት አድርጎታል፤ ከዳይት ጋር አብሮ የሚመጣው ያለ ልክ መብላትም በፍቺው ቀን ይጠብቀዋል።

አፈታትን በተመለከተ ልማዳችን ራሱ ጥበብ አለው። በብዙ ቤት የፋሲካ ሌሊት ከዶሮ ወጡ በፊት ሆድ እንዲለሰልስ ተልባ ይጠጣል። በረመዳን ማፍጠሪያም ቴምርና ውኃ ይቀድማል፣ ከሶላት በኋላ ሾርባውና ሳምቡሳው ይከተላል። ሁለቱም ሆድ ሳይደነግጥ እንዲቀበል ጊዜ ይሰጡታል። ችግሩ የሚመጣው ከተልባው ወዲያ ክትፎው፣ ጥብሱና ቅቤው በአንድ ጠዋት ሲደራረቡ ነው። የፋሲካ ምግብ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ስለሚቆይ፣ ሁሉን በመጀመሪያው ማለዳ መጨረስ አያስፈልግም።

ለታመመ ሰው፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ሁለቱም እምነቶች መላ አላቸው። ከምግብ ጋር ያላቸው ግንኙነት የታመመባቸው ሰዎችም የነፍስ አባታቸውን ወይም የሃይማኖት መምህራቸውን ከሐኪማቸው ጋር አያይዘው ቢያማክሩ ይሻላል።

ልጆችና «ሳትጨርስ አትነሳም»

ልጅ ሲወለድ ረሃቡንም ጥጋቡንም ያውቃል፤ ሲርበው ያለቅሳል፣ ሲጠግብ ጡቱን ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና 30ዎቹ ክላራ ዴቪስ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም ገና ጡት የጣሉ ሕፃናትን እያሳደገች፣ በየምግቡ ሰዓት የተለያዩ ምግቦች እያቀረበች የፈለጉትን እንዲመርጡ ተወቻቸው። የአንድ ቀን ምርጫቸው ሲታይ ግራ ያጋባል፤ በረጅም ጊዜ ግን ሕፃናቱ ጤነኛ ሆነው አደጉ። ዴቪስ ምሥጢሩን አልደበቀችም። የቀረቡት ምግቦች ሁሉ ስኳር ያልተጨመረባቸው፣ ከፋብሪካ ያልወጡ ጥሩ ጥሩ ምግቦች ነበሩ። ምርጫው የሕፃናቱ፣ መደርደሪያው የእሷ ነበር።

ኤሊን ሳተር የተባለችው የሥነ ምግብ ባለሙያ በኋላ ይህን በቀላል ክፍፍል አስቀመጠችው። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ መብላቱንና መጠኑን ልጁ ይወስናል። ሳህኑን ካልጨረስክ አትነሳም እየተባለ ያደገ ልጅ ማቆሚያው ሆዱ መሆኑ ቀርቶ የሳህኑ ጠርዝ ይሆናል። ጎመንህን ከበላህ ከረሜላ እሰጥሃለሁ ሲባል ደግሞ ጎመን ቅጣት፣ ከረሜላ ሽልማት መሆኑን ይማራል። ይህ ግን ለጤነኛ ልጅ ነው። የከሳ፣ የታመመ ወይም እድገቱ የቆመ ሕፃን እየታገዘና እየተባበለ መብላት አለበት፤ ጤና ጣቢያም ይታይ።

የምልክቶቹ ወሰን

የሰውነት ምልክት ሁልጊዜ እውነት አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኬቪን ሆል የተባለው ተመራማሪ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም 20 ሰዎችን አስገብቶ፣ ሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ እንደልባቸው እንዲበሉ አደረገ። የቀረበው ስኳር፣ ስብና ጨው ተመጣጣኝ ነበር። ሆኖም የፋብሪካውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፤ ክብደትም ጨመሩ። ለስላሳ መጠጥ፣ ብስኩትና ቺፕስ ጥጋብ ሳይነቃ የሚያልፉ ናቸው። በየዓይነቱ ላይ ያለው ምስር፣ ሽሮና ጎመን ግን በፕሮቲኑና በአሰሩ ምክንያት ሆድን ይሞላል። ዐሥረኛው መርህ የሥነ ምግብ ዕውቀትን የሚያስገባው ለዚህ ነው፤ ምልክትን መስማት የሚጠቅመው ምልክቱን የማያታልል ምግብ በቤት ሲኖር ነው።

ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ይህን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ሲደርሱ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ነጭ ዳቦው፣ ጣፋጩና ብዙ መቀመጥ ያለበት ኑሮ ሲለመድ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታው በፍጥነት ተስፋፋባቸው። ሆዳቸው የድሮው ነው፤ ምግቡና ኑሮው ነው የተለወጠው። በዋሽንግተንም በሮምም ለሚኖር ወገን ትምህርቱ አንድ ነው።

ሌላው ወሰን ኑሮ ነው። ምን ይሻለኛል ብሎ ለመምረጥ መጀመሪያ የሚመረጥ ነገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. የ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶ የሚሆኑት ከሚገባው በታች የከሱ፣ 8 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ መሆኑን አሳይቷል። ለመጀመሪያዎቹ ችግሩ ረሃብን አለመስማት አይደለም፤ ሰምተው የሚመልሱበት ማጣት ነው። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህትም የምትበላበትን ሰዓት ራሷ አትወስንም። ይህ ዘዴ የእነሱን ችግር አይፈታም፤ እንደሚፈታ ማስመሰልም ነውር ነው። በአንድ ወቅት ምግብ ያጣ ሰው በኋላ ሲያገኝ እስኪወጠር ቢበላም ሊወቀስ አይገባም፤ ሰውነቱ ያን ጊዜ ያስታውሳል።

ሦስተኛው ወሰን ሕመም ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ወይም ስኳርን የሚያወርድ ክኒን ያለው ሰው ካልራበኝ አልበላም ማለት አይችልም፤ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ይወስናል። የጨጓራ ሕመም እንደ ረሃብ ሆኖ ሊሞረሙር ይችላል። ጭንቀትና አንዳንድ መድኃኒት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ ወይም ይከፍታሉ። ራሳቸውን የሚያስርቡ፣ በልተው የሚያስመልሱ ወይም ተደብቀው ያለ ልክ የሚበሉ ሰዎች ምልክታቸው ስለተዛባ ብቻቸውን ሊለማመዱት አይገባም፤ የሥነ ልቦናና የሕክምና ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። የወር አበባ መቅረት፣ ራስን መሳት፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መውረድ ካለ ቀጠሮ ሳይረዝም መታየት ይገባል።

ከየት ይጀመር?

ሁሉን በአንድ ሳምንት መለወጥ ሌላ ዳይት መጀመር ነው። ከሚከተሉት አንዱን ብቻ መርጦ ለጥቂት ጊዜ መያዝ ይሻላል።

በቀን አንድ ምግብ ስልክና ቴሌቪዥን ሳይኖር ይብሉ። የመጀመሪያው ጉርሻና አሥረኛው ጉርሻ እኩል ይጥሙ እንደሆነ ያስተውሉ፤ ጣዕሙ መደብዘዝ ሲጀምር ጥጋብ ቅርብ ነው።

ቁርስና ምሳ አይዝለሉ። የማታው ምግብ የሚስተካከለው ቀን ላይ ነው። መክሰስ ካስፈለገ ቆሎ፣ ሙዝ ወይም እርጎ ቦርሳ ውስጥ ወይም ቤት ይኑር።

ራስዎን ከከለከሉት ምግብ አንዱን ይምረጡ፤ በጣም ሳይርብዎት፣ ተቀምጠው፣ ከሚወዱት ሰው ጋር ይብሉት። ተደብቆ የሚበላ ምግብ አይጠገብም።

ሰውነትዎን ካሎሪ ለማቃጠል ሳይሆን ደስ ስለሚል ያንቀሳቅሱት። በእግር መሄድም፣ እስክስታም፣ ከልጆች ጋር ኳስ መጫወትም ይሆናል። በቅጣት የተጀመረ ስፖርት ኪሎው ካልወረደ ይተዋል፤ ያስደሰተ ግን ይቀጥላል።

ከወር በኋላ ለውጡን ለማየት ሚዛን አይውጡ። ይልቅስ እነዚህን ይጠይቁ፦ ስለ ምግብ የማስብበት ሰዓት ቀነሰ ወይ? ከበላሁ በኋላ ራሴን የምወቅስበት ቀን አነሰ ወይ? ሳህኑ ላይ እያለ መጥገቤን ያወቅሁበት ጊዜ አለ ወይ? ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ መልሱ አዎ ከሆነ ልምምዱ ይዟል ማለት ነው፤ ሌላኛውን ይጨምሩበት። የሁሉም መልስ አይደለም ከሆነ ደግሞ ጥፋቱን በራስዎ ላይ አያድርጉ፤ የሥነ ምግብ ባለሙያ ወይም ሐኪም ጋር ሄደው አብራችሁ መፈተሽ የሚገባችሁ ነገር ሊኖር ይችላል።